ለም፣ ለም ጠፍ፣ ካሬ

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቤት ሊሠራ የተነሣ ሰው የመጀመሪያ ወጪው አፈሩን ማስወገጃ ነው። ኤክስካቫተሩ ጥቁሩን አፈር አንድ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዝቅና ሲኖትራክ ላይ ይጭነዋል። በምትኩ ከኮረብታ የተቆረጠ፣ ግንበኞቹ «ሰሌክት» የሚሉት ቀይ አፈርና ጠጠር ይመጣል፤ ይደለደላል፣ በሮለር ይጠቀጠቃል። ምክንያቱን መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ቤትም አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል፤ ግድግዳው ከመስኮት ጥግ ጀምሮ ይተረተራል። ስለዚህ አሠሪው አጥፍቷል የሚል የለም። ነገር ግን ሰውየው «ሱሉልታ መሬት ገዛሁ» ይላል (ሕጉ መሬት አይሸጥም ቢልም ሰው የሚለው እንዲህ ነው)፤ የገዛውን መሬት ደግሞ በመኪና አስጭኖ ያስጥለዋል። እንግዲህ የቀረው ምንድን ነው? ካሬው ነው።

ስለ ሰበታ፣ ስለ ቡራዩና ስለ ሱሉልታ የሚወራው ሁሉ በካሬ ከሆነ ሰነባበተ። «ጋሼ፣ ሁለት መቶ ካሬ አለች፤ ከአስፋልት ሁለተኛ ናት፤ ካርታዋም ንጹሕ ነው» ይላል ደላላው። መብራት ገብቷል ወይ፣ ውኃውስ፣ የፊት መንገዱ ስንት ሜትር ነው ይባላል። የአፈሩን ዓይነት የሚጠይቅ ከተገኘም መሠረቱ ስንት ብረት እንደሚፈጅ ለማስላት ነው። ሁለት መቶ ካሬ ከቡራዩ ተዳፋት ቀይ አፈር ላይ ይለካ፣ ከሰበታ በታች በቾ ሜዳ ጫፍ ካለው መረሬ ላይ ይለካ፣ ወይም ድርቆሽ ከሚታጨድበት የሱሉልታ ረግረግ ላይ፣ ያው ሁለት መቶ ካሬ ነው። መለኪያው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለሁሉም እኩል ነውና። የእኔ ሙግት ከዚህ እኩልነት ጋር ነው። አፈር በዘመናት የተሠራ፣ ጠባይ ያለው፣ ከጎረቤቱ አፈር የሚለይ ነገር ነው። በካሬ ስንጠራው ይህን ሁሉ ገፈን ባዶ ስፋት እናደርገዋለን፤ ባዶ ስፋት ደግሞ ማንም ቢሠራበት፣ ማንም ቢያፈርስበት የሚጮህለት የለም።

ለመሆኑ በትልቅ ከተማ ዳር አፈሩን ሳያጣ የቀረ ቦታ አለ? አለ። የፈረንሳይዋ ፔሳክ ለቦርዶ ከተማ ቡራዩ ለአዲስ አበባ የሆነችውን ናት፤ ከከተማው ጋር የተገጠመች ዳርቻ። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የከተማ ባቡር ይደርስባታል፤ ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራተኞች መኖሪያ ሰፈር የሠራው እዚያ ነው። በመኖሪያ ቤቶችና በአስፋልት መካከል ግን ሃምሳ ሄክታር የሚያህል የወይን ማሳ ተንጣሎ ይታያል፤ ሻቶ ኦ ብሪዮን ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ በ1663 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የዚህን ማሳ ወይን መጠጣቱን በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። በዙሪያው የነበሩ ሌሎች ብዙ የወይን ማሳዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን ቤትና ጎዳና በልቷቸዋል። ይህ ሊተርፍ የቻለው አፈሩ ስም ስለነበረው ነው። ስሙ በጠርሙስ ላይ የሚጻፍ፣ በሕግ የሚከበር፣ በገበያ የሚከፈልበት ስም ነው። ስለዚህ ካሬው ምንም ያህል ቢወደድ አፈሩ ከካሬው ይበልጥ ውድ ሆኖ ቀረ።

የሚገርመው የአፈሩ ዓይነት ነው። ወንዝ ያመጣው ጠጠር ነው፤ ስንዴ ቢዘሩበት ከጉልበት አያልፍም። ለወይን ሐረግ ግን ይስማማዋል። ውኃ አይቋጥርም፤ ስለዚህ ሥሩ ጥም እየነዳው ወደ ታች ይወርዳል። ጠጠሩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይተነፍሰዋል። ፍሬው ትንሽና ወፍራም ሽፋን ያለው ይሆናል፤ ከወይን ጠማቂ ዓይን ሲታይ ደግሞ የሚፈለገው ይኸው ነው።

ይህን አፈር የኛ ሰው ቢያየው ምን ብሎ ይመዘግበው ነበር? ለመገመት መቸገር የለብንም፤ መዝገቡ አለና። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት በሦስት ማዕረግ ተከፈለ፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። በጋሻ፣ ማለት አርባ ሄክታር በሚያህል ስፋት፣ ለሙ 15፣ ለም ጠፉ 10፣ ጠፉ 5 ብር ይከፍል ጀመር። የኦ ብሪዮን ጠጠር በዚህ መዝገብ ቢገባ ያለ ክርክር ጠፍ ተብሎ 5 ብር ይመደብበት ነበር።

ፈረንሳዮችም የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ በ1855 እ.ኤ.አ.፣ ሦስተኛው ናፖሊዮን ፓሪስ ላይ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፤ ለዚያም የቦርዶ ወይኖች በማዕረግ ተደረደሩ። ቀዮቹ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ወጣላቸው። ኦ ብሪዮን ከሜዶክ አውራጃ ውጭ ሆኖ አንደኛ ማዕረግ ያገኘ ብቸኛው ቀይ ሆነ። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የማዕረግ ለውጥ ተደረገበት የሚባለው በ1973 እ.ኤ.አ. ሙቶን ሮትሺልድ የተባለው ወይን ወደ አንደኛ ያደገበት ነው። ታዲያ ያንን ዝርዝር ማን አወጣው? ደላሎች ናቸው። ምን አይተው? ወይኑ ለብዙ ዘመን የተሸጠበትን ዋጋ አይተው። አፈሩን የቆፈረ፣ በላቦራቶሪ የመረመረ አልነበረም። «አፈራችን እንዲህ ነው፣ ጠጠራችን እንዲህ ነው» የሚለው ረጅም ትርክት በአብዛኛው ከዋጋው በኋላ የተደረሰ ነው። ይህን የምለው ፈረንሳዮችን ለማሳጣት አይደለም። አፈር የሚከብረው በተፈጥሮው ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። የኛ መዝገብ ግብር ፈልጎ፣ የነሱ ዋጋ አይቶ ተጻፈ፤ ሁለቱም ከኪስ ተነሡ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ የጻፉትን ስም መቶ ሰባ ዓመት ጠበቁት፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቦታ ስሞችን የሚያስከብር ብሔራዊ ተቋም በሕግ አቆሙለት። የኛ ለምና ጠፍ ባለርስትነትን ይዞ ከሥርዓቱ ጋር ሄደ፤ በከተማ ዳር በቦታው የተተካው ካሬ ነው።

አሁን ወደ ሱሉልታ ጥቁር አፈር ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ አፈር በፈረንሳይ ዘመድ አለው። ከቦርዶ በስተምሥራቅ፣ ፖመሮል በምትባል መንደር አንዲት ጉብታ አለች። ላይዋ ሰማያዊ የሚመስል ከባድ ሸክላ አፈር ነው። በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ወይኖች አንዱ፣ ፔትሩስ፣ የሚገኘው ከዚችው ጉብታ ነው፤ ማሳው በሙሉ አሥራ አንድ ሄክታር ተኩል አይሞላም። የአፈሩ ማዕድን ስሜክታይት ይባላል፤ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ቤተሰብ ነው። የደጋችን ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው፣ ባሕርዩን ያገኘው ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እዚያ ባለቤቱ ለእንግዳ በኩራት የሚያሳየው፣ እዚህ ባለቤቱ ለባለ ሲኖትራክ ከፍሎ የሚያስጥለው ነገር የአንድ ቤተሰብ ማዕድን ነው።

ይህን ስል ሱሉልታ ላይ ወይን እንትከል የሚል ምክር እንዳይሰማ። ቦርዶ ላይ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ይከፋፈላል፤ የፔትሩስ ሸክላ ያጠራቀመውን ውኃ በደረቁ በጋ ቀስ እያለ ለሥሩ ያድላል። ሱሉልታ ላይ ዝናቡ በሰኔና በመስከረም መካከል ተሰብስቦ ይወርዳል፤ ሜዳው ወደ ኩሬ ይጠጋል፤ በዚያ ውስጥ የወይን ሥር ታፍኖ ይሞታል። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ውርጭ አለ። ደጋው የወይን አገር አይደለም፤ መሆንም አይጠበቅበትም።

የዚህ አፈር ሙያ ሌላ ነው። ጥር ላይ ግጦሽ ያለፈበትን ሜዳ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ስንጥቁ እጅ እስከ ክርን ያስገባል። በላይ ያለው ፍርፋሪ አፈር በነፋስም በከብት እግርም እየተገፋ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል። ሰኔ ሲገባ የታችኛው ያብጥና የላይኛውን ይገፋዋል፤ እንዲህ እያለ ማንም ሞፈር ሳይጥልበት ለዘመናት ራሱን ሲገለብጥ ኖሯል። ነሐሴ ላይ ሣሩ ከውኃ ውስጥ ይወጣል፤ መስከረም ላይ ዳር ዳሩን አደይ ይይዘዋል፤ ጥቅምትና ኅዳር ማጭድ ይገባል። ከዚያ ድርቆሹ ታስሮ፣ ከመኪናው በላይ ሌላ መኪና የሚያህል ተጭኖ የእንጦጦን ቁልቁለት ይወርዳል። አዲስ አበባ ጠዋት በማኪያቶ የምትጠጣው ወተት አንዱ ምንጩ ይኸው ነው፤ ማንም ግን በፌስታሉ ላይ ሱሉልታ ብሎ አልጻፈበትም።

ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ አብዛኛው በደጋው ነው። ገበሬው ከዚህ አፈር ጋር የኖረው በዘዴ ነው። እነዋሪ በተባለው የደጋ አካባቢ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ በእጃቸው አፈሩን እየዛቁ መደብ ይሠራሉ፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው መደቡ ላይ ይተርፋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው መደብ ማውጫ ሲሠሩ መነሻቸው ይህ የገበሬ ሥራ ነበር። በቾ ላይ ደግሞ ውኃው እስኪሸሽ ይጠበቅና ጓያና ሽምብራ አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ስም የሚያሰጥ ሥራ ከዚህ ሌላ ምን አለ? ቡርጎኝ በተባለው የፈረንሳይ አውራጃ ወይን ይተክሉ ከነበሩት መነኮሳት ሥራ በምን ያንሳል?

ፈረንሳዊው ወይን ነጋዴም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ፒየር ካስቴል ከስፔን የመጡ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር በ1949 እ.ኤ.አ. ቦርዶ ላይ የጀመረው ንግድ ዛሬ በፈረንሳይ ከታላላቆቹ የወይን ድርጅቶች አንዱ ነው። ሜዶክ በሚገኘው ሻቶ ቤይሸቬል ላይም ከጃፓኑ ሳንቶሪ ጋር ድርሻ አለው። ይኸው ቤት በ1998 እ.ኤ.አ. የቅዱስ ጊዮርጊስን ቢራ ገዛ፤ ቢጂአይ የምንለው እሱን ነው። ከዚያ ወይን ልትከል ሲል ዝዋይን መረጠ። አሸዋማ አፈር፣ 1,600 ሜትር ከፍታ፣ ከሐይቁ የሚሳብ ውኃ። ከቦርዶ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔና ሻርዶኔ የተባሉ የወይን ዝርያዎች መጡ፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ ተቆፈረ። በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» ተብለው ገበያ ወጡ። ለቅዳሴ የሚሆነውን ወይን ከዘቢብ ስትጨምቅ ለኖረች አገር ነገሩ ባዳ አልነበረም። እንዲያውም ቀድመው የነበሩት የወይን ጠጆቻችን አዋሽና ጉደር ናቸው፤ ሁለቱም የወንዝ ስም። የእኛ ሰው ቦታን የሚያስታውሰው በውኃው ነው፤ በአፈሩ አይደለም።

ይህ ነገር ሰበታ ላይ ይበልጥ ይታያል። በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ2012 ለእንግሊዙ ዲያጆ ተሸጠ፤ በ2022 ደግሞ ወደ ቢጂአይ፣ ማለት ወደ ካስቴል ቤት ገባ። ስለዚህ ቦርዶ ላይ ስለ እያንዳንዱ ጉብታ ጠጠር የሚጨነቀው ድርጅት ሰበታ ላይም አለ፤ እዚህ የሚያስፈልገው ግን ከመሬት በታች ያለው ውኃ ነው። ሦስቱን ከተሞች አንድ ላይ ብናያቸው ለመዲናይቱ የሚያቀርቡት ዋናው ነገር ውኃ ነው። ቡራዩ የገፈርሳን ግድብ፣ ሱሉልታ የታሸገውን ውኃ፣ ሰበታ ቢራውን። ያንን ውኃ የሚያጣራው፣ የሚይዘውና ቀስ እያለ ወደ ታች የሚያሳልፈው አፈር ግን በየመንገዱ ዳር ተደፍቶ ይታያል።

ቡርጎኝ ላይ ዝናብ አፈሩን ከተዳፋቱ አጥቦ ሲያወርደው ወይን ተካዮቹ በቅርጫት ተሸክመው ወደ ላይ ይመልሱት ነበር። ሰው በጀርባው የሚሸከመው አፈር ስም ይኖረዋል። ሆኖም በዚህ ላይ ብዙ ባልመሰጥ ይሻላል። ያ አፈር ባለቤት ነበረው፤ ቅርጫቱን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ዛሬም የፔትሩስን ዘለላ የሚለቅመው ሠራተኛ በደመወዙ ፔትሩስ አይጠጣም። ስም ያለው አፈር ሁሉ ለሠራበት ሰው ስም ያወጣለታል ማለት አይደለም።

የኛ ሕግ በዚህ ረገድ ከነሱ የተሻለ ሐሳብ ይዞ ነበር የተነሣው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል። መሬት ዋጋ የለውም ማለት ግን ሁለት ትርጉም ይይዛል። ከዋጋ በላይ ነው ማለትም፣ ምንም አያወጣም ማለትም ይሆናል። በተግባር የቱ እንደሚያሸንፍ የሚታየው ካሳ ሲሰላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ የልማት ተነሺ ካሳው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ ይሰላል። የሚቆጠረው ምርቱ ነው፤ አፈሩ ስሌት ውስጥ የለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈርፍሮ ጥቁር አፈር እስኪሆን የፈጀው ጊዜ በሺህ ዓመታት ይቆጠራል፤ በወረቀቱ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖ ይዘጋል።

ከአፈሩ ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። ሱሉልታ አካባቢ አንድ ወጣት መሐንዲስ መሣሪያውን ተክሎ ሲለካ፣ ማሳው የእርሳቸው የነበረ ሽማግሌ አጥር ላይ ተደግፈው ያዩታል። «አባባ፣ እዚህ ስንት ሜትር ብንወርድ ጠንካራ እናገኛለን?» አላቸው። «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ ልጄ» አሉት። «እኔ የማውቀው ያ ጥግ እስከ መስቀል ውኃ እንደሚተኛበት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ምስር ይይዛል። ወዲያኛው ግን ሣር ብቻ ነው።» መሐንዲሱ አመስግኖ ወደ መሣሪያው ዞረ፤ ከተናገሩት አንዱንም በደብተሩ አላሰፈረም። ወረቀቱ ላይ ለዚያ የተተወ ቦታ የለምና አልፈርድበትም። በየክረምቱ ጓሯቸው ኩሬ የሚሆንባቸው፣ መሠረታቸው የሚሰምጥባቸው ሰፈሮች ግን እንዲህ ካለው ዝምታ ላይ የተሠሩ ናቸው።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ናቸው። ከተማው ይሠራል፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ሜዳው ሁሉ ሜዳ ሆኖ ይቅር የሚል ካለ እሱ ቤት ያለው ሰው ነው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከመሠረት የሚወጣው የላይኛው አፈር እንደ ቆሻሻ ከመደፋት ተለይቶ ይቀመጥ። የቡራዩ ተዳፋት እየተሸረሸረ ነው፤ የከተማው አረንጓዴ ቦታዎችም የሚተከልባቸው አፈር እየፈለጉ ነው። ሁለተኛው የመዝገብ ነገር ነው። በይዞታ ካርታው ላይ ከካሬው ጎን አንድ መስመር ይጨመር፤ ቦታው ከመከፈሉ በፊት ምን ይባል እንደነበር፣ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ያበቅል እንደነበር፣ ውኃ የት እንደሚተኛበት። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹም በቀድሞ ማሳቸው ላይ በተሠራው ፋብሪካ በር ላይ ዘብ ሆነው ተቀምጠዋል። የመሬት አስተዳደር ባለሙያ የሆንህ አንባቢ፣ ሄደህ ጠይቃቸው።